ሕመምተኛን ይዞ ስለ መጓዝ

ከሀርጌሳ ወደ አዲስ አበባ የሚበረውን አይሮፕላን ለመሳፈር ተራውን የሚጠብቅ ሰው በዙሪያው ያሉትን መንገደኞች ልብ ብሎ ቢመለከት፥ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሚጓዙት ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሳይሆን ሕክምና ለመፈለግ መሆኑን ለመረዳት ረጅም ጊዜ አይፈጅበትም። ምልክታቸው ግልጽ ነው። የራጅ ፎቶግራፍ የያዘውን ትልቅ ፖስታ በብብታቸው ሸጉጠዋል፤ መድኃኒት የሞላበትን የላስቲክ ከረጢት በጉልበታቸው ላይ አኑረዋል፤ በአጠገባቸውም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ተቀምጦ፥ ውሃ ይፈልጉ እንደ ሆነ፥ እግራቸውን ይዘረጉ እንደ ሆነ በየጥቂቱ ይጠይቃቸዋል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ደግሞ በመኪና እስከ ቶጎ ውጫሌ ወርዶ፥ ድንበሩን ተሻግሮ፥ በጅጅጋና በሐረር በኩል ይመጣል። እኛም በነርስነት ሙያ ብዙ ዘመን ያገለገልን ስለ ሆንን፥ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ ባለፍን ቁጥር ዐይናችን ከእነዚህ ፖስታዎችና ከረጢቶች ላይ አይነሣም። ስለዚህም፥ ቶሎ የማይለቅ ሕመም ያለበትን ሰው ይዞ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ የሚጠቅም መስሎ የታየንን በዚህ ገጽ ለመጻፍ ወደድን።

የአየር ማረፊያው ስያሜ ለሙሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል መታሰቢያ ነው። እርሳቸውም ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በ1994 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ሶማሌላንድን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ናቸው። መንገደኛው ይህን ስም በበሩ ላይ አንብቦ ያልፋል። እኛ ግን ስሙን ባየን ቁጥር የምናስበው ቀድሞ ባለቤታቸው የነበሩትን ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማዒልን ነው። ወይዘሮ ኤድና በሀርጌሳ የሐኪም ልጅ ሆነው ተወልደው፥ በእንግሊዝ አገር ነርስነትንና አዋላጅነትን ተምረው የተመለሱ ናቸው። በየካቲት ወር 1994 ዓ.ም. በከተማይቱ ውስጥ በራሳቸው ጥሪት የጀመሩትን የወላዶች ሐኪም ቤት ከፈቱ፤ በዚያም ነርሶችንና አዋላጆችን እያስተማሩ ያወጣሉ። በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ነበር፤ ነገር ግን ስማቸው ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወሳው ነርስነታቸውን ነው። በእኛም አገር ልዕልት ፀሐይ በለንደን የሕፃናት ሐኪም ቤት የነርስነትን ሙያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐርፈዋል። በስማቸው የቆመው ሐኪም ቤት በኋላ ዘመን የጦር ኃይሎች ሐኪም ቤት ሆነ። አንዲቱ የንጉሥ ልጅ፥ አንዲቱ የሐኪም ልጅ፥ ሁለቱም የሕመምተኛን አልጋ ማንጠፍ አላሳፈራቸውም። ዛሬም ነርስነት ለሐኪምነት ያልበቃ ሰው ሥራ የሚመስላቸው አባቶችና እናቶች ስላሉ ይህን ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም።

አማርኛ በመማር ላይ ያሉ ክቡራን አንባቢዎቻችን በዚህ ነገር ላይ አንድ ቃል እንዲያስተውሉልን እንወዳለን። ይኸውም «አስታማሚ» የሚለው ነው። «ታመመ» ከሚለው ግሥ «አስታመመ» ይወጣል፤ ከዚያም «አስታማሚ» ይሆናል። ሕመሙ ያለበት አንዱ ሲሆን፥ በአጠገቡ ሆኖ ሕመሙን የሚከታተልለት፥ የሚያበላው፥ የሚያጥበው፥ ሌሊቱን አብሮት የሚነቃው ሁለተኛው ሰው ስሙን ያገኘው ከዚያው ከሕመሙ ነው። ደመወዝ ያለው ነርስም፥ ደመወዝ የሌላት የልጅ ሚስትም ሁለቱም አስታማሚዎች ናቸው። ደግሞም በሽተኛን ፊት ለፊት «በሽተኛ» ብሎ መጥራት የጨዋ ንግግር አይደለም፤ «ሕመምተኛ» ማለት ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው «እማማ»፥ «አባባ»፥ «እትዬ» ብሎ እንደ ዕድሜያቸው መጥራት ነው። በሶማልኛም አሮጊቷን «ኤዶ»፥ ሽማግሌውን «አዴር» ብሎ መጥራት እንዲሁ ያለ ክብር ነው፤ አክስቴ፥ አጎቴ እንደ ማለት ነው። «ምን ይሰማዎታል?» ከማለት በፊት «እግዚአብሔር ይማርዎ» ማለት ይገባል። ይህ ቃል ሐኪም ባይፈውስም ሕመምተኛው ቀጥሎ የሚጠየቀውን እውነቱን እንዲናገር ያደርገዋል።

የሕመም ስም ራሱ በሕመምተኛው ላይ ብዙ ሥራ እንደሚሠራ የተማርነው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ በጽሑፍ «የደም ግፊት» የምንለውን ሕመም ሕዝባችን «ደም ብዛት» ይለዋል። ሶማሊዎች ደግሞ «ዲግ ከር» ይሉታል፤ ትርጉሙም የደም መፍላት ማለት ነው። «ደም ብዛት» የሚለውን የሰማ ሰው ሕመሙ የደሙ መብዛት ስለሚመስለው፥ ከሲታ ሰው የማይያዝ አድርጎ ይገምታል። «እኔ ምን ደም አለኝና ነው ደም ብዛት የሚይዘኝ?» ብለው የተቈጡንን አንዲት ቀጭን እመቤት እስከ ዛሬ እናስታውሳለን። «ዲግ ከር» የሚለው ሰው ደግሞ ደሙ የሚፈላው ሲቈጣ ብቻ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ሰላም በሆነበት፥ ልጆቹ ባላስቀየሙት ቀን ኪኒኑን ይተወዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ግፊት ማለት ደም በሚሄድበት ቧንቧ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኀይል ነው። ላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፥ ታችኛው ቁጥር ልብ ስታርፍ የሚለካ ነው። በልዩ ልዩ ቀን በጸጥታ ተቀምጠው ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ እንደ ሆነ የግፊት ሕመም አለ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አይቈረጥምም፥ አያተኵስም፥ አያሳክክም። እያደረ አንጎልን፥ ልብን፥ ኵላሊትንና ዐይንን የሚጐዳው ግን በዚሁ ዝምታው ነው። ስለዚህ «ዛሬ ደኅና ነኝ» ብሎ መድኃኒትን ማቋረጥ፥ ዝናቡ ለጊዜው ቆሟልና ብሎ ጣራውን እንደ ማፍረስ ነው።

የስኳር ሕመምም በሶማልኛ «መዓን» ይባላል፤ ጣፋጭ ማለት ነው። በአማርኛም «ስኳር አለብኝ» እንላለን። በዚህ ምክንያት ሕመምተኛው ከሻዩ ውስጥ ስኳሩን ካስወጣ ሁሉንም የፈጸመ ይመስለዋል። በሀርጌሳ ቤቶች የሚቀርበው ሩዝና ፓስታ፥ በእኛም ቤት የሚቀርበው እንጀራ በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጥ መሆኑን የነገረው የለም። የምንመክረው መብሉን ፈጽሞ እንዲተው ሳይሆን፥ እየመጠነ፥ ከጥራጥሬና ከጎመን ጋር እየደባለቀ፥ ሰዓቱን እየጠበቀ እንዲበላ ነው። ጨውን ስለ ሚመለከት፥ የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ነው። በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ተደባልቆ የሚገባው ጨው አብሮ እንደሚቈጠር የቤት እመቤቶች ሊዘነጉ አይገባም። ጫትም የልብን ትርታ ያፈጥናል፥ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ጫቱ ከእኛው አገር ወደዚያ የሚሄድ ንግድ ስለ ሆነ ይህን መናገሩ ለአንዳንዱ ሰው ደስ ላይለው ይችላል፤ ግን ስለ ግፊት እየጻፉ ስለ ጫት ዝም ማለት አይቻልም።

ከጉዞው ነገር ሁሉ በጥብቅ ልንናገርበት የሚገባን ኢንሱሊን ነው። ይህ መድኃኒት ለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በጥር ወር 1914 ዓ.ም. ሲሆን፥ የተሰጠውም ለ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙም ሳይቈይ ይሞት ነበር። እንግዲህ በብልቃጥ ውስጥ ያለው ውሃ የሚመስል ነገር ለአንዳንዱ ሰው የዕለት እስትንፋሱ ነው። አንድ ጊዜ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ አንድ ወጣት የእናቱን ኢንሱሊን በትልቁ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ ለሚዛን ሲያቀርብ አየነውና ምክንያቱን ጠየቅነው። «እንዳይሰበር ብዬ ነው» አለን። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ወደ አይሮፕላኑ ሆድ የሚገባው ሻንጣ ከፍተኛ ብርድ ሊያገኘው ይችላል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም እንኳ ኀይሉ ጠፍቷልና መጣል አለበት፤ በዓይን አይቶ መለየትም ሁልጊዜ አይቻልም። ከዚህም በላይ ሻንጣ ይዘገያል፥ ይጠፋልም። ወጣቱ ሻንጣውን ከፍቶ ብልቃጡን ወደ እጅ ቦርሳው አዛወረው። መርፌውም፥ የደም ስኳር መለኪያውም፥ የሐኪሙም ደብዳቤ አብረው በእጅ መያዝ አለባቸው፤ ፈታሹ ስለ መርፌው በጠየቀ ጊዜ ደብዳቤው መልስ ይሆናል።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ብርዱ በረዶ ከሚሠራበት ክፍል ግን ይራቅ። የተከፈተው ብዙውን ጊዜ ለአራት ሳምንት ያህል ከኀይለኛ ሙቀትና ከፀሐይ ተጠብቆ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሊቈይ ይችላል። መብራት የሌለበት ቤት ምን ያድርግ? አንዱን የሸክላ ዕቃ በሌላው ሰፊ ሸክላ ውስጥ አስቀምጦ፥ በመካከላቸው አሸዋ ሞልቶ፥ አሸዋውን ጧትና ማታ ማርጠብ ነው። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ የውስጠኛው ሸክላም ይቀዘቅዛል። እናቶቻችን በእንስራ የሚያጠራቅሙት ውሃ በቀትር የሚበርደው በዚሁ ጥበብ ነው። ይህ ዘዴ አየሩ ደረቅ በሆነበት በሀርጌሳ ደኅና ይሠራል፤ ወበቅ በበዛበት በበርበራ ጠረፍ ግን እንደዚያ አይሆንም።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በመንገድ ላይ ምግቡ ቢዘገይ የደሙ ስኳር ይወርድበታል። አይሮፕላን ደግሞ መዘግየቱ የተለመደ ነው። ያልበዋል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ይርበዋል፥ ከዚያም ንግግሩ ይደባለቅና የሰከረ ይመስላል። በዚህ ጊዜ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፥ 15 ደቂቃ መጠበቅ፥ ካልተሻለው መድገም፥ ሲሻለውም ምግብ ማብላት ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን ወደ ሳንባው ስለሚገባ በአፉ ምንም ነገር አይደረግለትም፤ በጎኑ አስተኝቶ ሐኪም መጥራት ብቻ ነው። ጥቂት ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ በኪስ መያዝ የመንገደኛ ሁሉ ልማድ ቢሆን እንወዳለን።

ስለ አየሩም ጥቂት እንበል። የሀርጌሳ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የቦሌ አየር ማረፊያ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የልብ ድካም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከሀርጌሳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲወርድ፥ በቤቱ ያልነበረ የትንፋሽ ማጠር ቢሰማው አይደንቅም፤ የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይከብዳልና። በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየርም ከአዲስ አበባው እምብዛም የተለየ አይደለም። ቤተ ሰቡ «በረራው ጐዳው» ይላል፤ በእውነቱ ግን በረራው ከሁለት ሰዓት በታች ያልቃል፥ አዲስ አበባ ግን ሳምንታት ይቀመጥበታል። ስለዚህ ከወረዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ እንዳያወጡት፥ ሐኪሙንም ስለ ከፍታው አስቀድመው እንዲጠይቁ እንመክራለን። አስም ያለበት ሰው የሚማገውን መድኃኒት ከእጁ አያርቅ። ሕፃን ወይም ሽማግሌ ሆኖ መማጉ ያልሆነለት እንደ ሆነ፥ የግማሽ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን እንደ መድኃኒቱ አፍ አድርጎ በስቶ፥ መድኃኒቱን በዚያ ውስጥ ነፍቶ፥ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብሎ መተንፈስ ይቻላል።

አሁን በብዙ ጉዞ ውስጥ ትልቁን ጉዳት ሲያደርስ ወዳየነው ነገር እንመጣለን፤ እርሱም መድኃኒት ሳይሆን የሰዓትና የቀን አቈጣጠር ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት የሚቈጠረው ከንጋት ነው፤ እኛ ጧት 2 ሰዓት የምንለው በአይሮፕላን ቲኬት ላይ 8 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። አማርኛ የሚማሩ ሹማምንት ይህን በመጀመሪያው ወር ተምረው ስብሰባ ሁለት ሦስት ጊዜ ካመለጣቸው በኋላ አይረሱትም። ሕመምተኛ ግን የሚያመልጠው ስብሰባ አይደለም። አንድ የሀርጌሳ ሽማግሌ በአዲስ አበባ ለልብ ድካም ታክመው ሲመለሱ፥ ውሃ የሚያሸና ኪኒን «በ2 ሰዓት» እንዲውጡ ተነገራቸው። ነርሷ ጧት ማለቷ ነበር። ከለንደን የመጣው ልጃቸው ለአባቱ በማሰብ በቴሌፎኑ ላይ ማስታወሻውን በ2 ሰዓት አደረገው፤ ያም በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሽማግሌውም ሳያጕረመርሙ በየሌሊቱ እየተነሡ ዋጡ፤ ከዋጡም በኋላ እስኪነጋ ድረስ ወደ ውጭ ይመላለሳሉ። በዘጠነኛው ሌሊት በጨለማ ወድቀው የጭናቸው አጥንት ተሰበረ። እኛ በአየር ማረፊያው ያገኘናቸው ለሁለተኛው ሕክምና በተሽከርካሪ ወንበር ሲሄዱ ነው። «አዴር፥ በሌሊት መውሰዱ አልከበደዎትምን?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ሐኪም ያዘዘውን እንዴት እተዋለሁ?» አሉን። ትእዛዝ ባለመፈጸም ሳይሆን፥ ትእዛዝን በመፈጸም ተጐዱ። ያ ኪኒን ኢንሱሊን ቢሆን ኖሮ፥ ባዶ ሆዳቸውን በሌሊት ተወግተው ኖሮ፥ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበረ ነርስ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ እኛ መድኃኒትን በቁጥር ሰዓት ማዘዝን ትተን በኑሮ ሰዓት እንነግራለን። ለእስላም ሕመምተኛ፥ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደውን አንዱን ከፈጅር ሶላት በኋላ፥ ሁለተኛውን ከመግሪብ ሶላት በኋላ እንለዋለን። በእኛ ቀበሌ ቀንና ሌሊት በዓመቱ ሁሉ እኩል ለመሆን ስለሚቃረብ፥ ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ሐኪሙም የፈለገው እርሱኑ ነው። ለክርስቲያኑ ደግሞ ከቁርስ ጋር፥ ከራት ጋር ማለት ይበቃል። ሀርጌሳና አዲስ አበባ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። ወደ ሕንድ ለሕክምና የሚሄደው ግን የ2 ሰዓት ተኩል ልዩነት ስለሚያገኘው መርፌውን እንዴት እንደሚያሸጋሽግ ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ።

የቀኑም አቈጣጠር እንዲሁ ነው። በቀጠሮ ካርድ ላይ «10/5» ተብሎ ቢጻፍ፥ ለእኛ ጥር 10 ቀን ነው፤ ለሀርጌሳው ሰው ግን ሜይ 10 ቀን ነው። ጥር 10 ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን ስለሚውል፥ ካርዱን እንደ አገሩ ያነበበ ሰው አራት ወር ያህል ዘግይቶ ይመጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ «ቀንህ አልፏል» ይባላል። በቢሮ የሚሠሩ አንባቢዎቻችን ይህን እንዲያስቡልን እንለምናለን፦ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ፥ ከጎኑም የአውሮፓውን ቀን መጨመር አንድ ደቂቃ እንኳ አይወስድም።

ጾም ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ኢንሱሊን የሚወጋ፥ ኵላሊቱ የተጐዳ፥ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች የስኳር ሕመምተኛ ረመዳንን ለመጾም ብታስብ፥ ወሩ ከመግባቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በፊት ሐኪም ማማከር አለባት። እስልምና ሕመምተኛንና መንገደኛን ከጾም ግዴታ እንዳሳረፈ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ያስተምራሉ፤ እዚህ ላይ የምንነጋገረው ሁለቱንም ስለ ሆነ ሰው ነው። ደምን በጣት ወግቶ መለካት ጾምን እንደማያፈርስም ብዙዎች ሊቃውንት ተናግረዋል። የተለካው ከ70 በታች ከወረደ፥ ፀሐይ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ቢቀራት እንኳ መፍታት ነው። በእኛም ዘንድ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚቈይ የስኳር ሕመምተኛ ለነፍስ አባቱ ሕመሙን ይንገር፤ ለነፍስ አባቱ ያልነገረውን ለነርስም አይነግርምና፥ ከሁለቱም የተደበቀ ጾም ነው አደጋ የሚያመጣው። ጸበሉንም፥ የቁርኣኑንም ንባብ አንከለክልም። ሕመምተኛው ኪኒኑን በጸበሉ ቢውጥ እኛ ደስ ይለናል።

ለመንገድ ብሎ አዲስ ጫማ መግዛት በሁለቱም አገር የተለመደ ነው። የስኳር ሕመም የቈየበት ሰው ግን በእግሩ ጣቶች ላይ ያለው ስሜት ስለሚደክም፥ ጫማው ሲልጠው አያውቀውም። በአየር ማረፊያው ረጅም ሰልፍ ቆሞ፥ በአዲስ አበባ ከሐኪም ቤት ወደ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ቈይቶ፥ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ደም ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህች ከትንሽ ቁስል ተነሥቶ እግር ተቈርጦ አይተናል። ስለዚህ የለመደውን ጫማ ይልበስ፤ ከመልበሱ በፊት እጁን አስገብቶ ጠጠር አለመኖሩን ይዳስስ። ማታ ማታ አስታማሚው እግሩን ለብ ባለ ውሃ ይጠበው፤ የውሃውን ሙቀት በክርኑ ይለካ እንጂ በሕመምተኛው እግር አይለካ። በጣቶቹ መካከል አድርቆ፥ ውስጥ እግሩን በብርሃን ይመልከት።

የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው በተመለከተ አጭር ነው የምንለው። ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፥ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት፥ እጅና እግሩን ጨምቆ መያዝ ሁሉም አይጠቅምም፤ ማንኪያውማ ጥርስ ይሰብራል። ራሱን በለስላሳ ነገር ደግፎ፥ በጎኑ አዙሮ፥ ሰዓት እየተመለከቱ መጠበቅ ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ይጠራ። መድኃኒቱንም በመንገድ ላይ አለቀብኝ ብሎ በድንገት ማቋረጥ ብዙ መጣልን ስለሚያመጣ፥ ለጉዞው ከሚበቃው በላይ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይያዝ።

በከረጢቱ ውስጥ ካሉት ኪኒኖች መካከል አንዱ መድኃኒት በሁለት ስም ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። «አምሎዲፒን» ከሀርጌሳ፥ «ኖርቫስክ» ከሌላ አገር መጥቶ፥ ሕመምተኛው ሁለቱንም ሲውጥ፥ ሲነሣ እየዞረበት፥ ቁርጭምጭሚቱ እያበጠ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከረጢቱ በሙሉ በሐኪሙ ወይም በነርሷ ጠረጴዛ ላይ ይዘርገፍ፤ ሲመለስም የሕመሙን ስም፥ የመድኃኒቱን እውነተኛ ስምና መጠን፥ ከቀጠሮው ቀን ጋር የያዘ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይሰጠው፤ በአገሩ የሚከታተለው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ይጻፍ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ሕመሙን ለይቶ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ዓመት የሚከታተለው ግን በሰፈሩ ያለችው ነርስ ናት። በጎንደር፥ በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በቆመበት ከተማ ዙሪያ፥ እንዲሁም በጅማ፥ ከትልቁ ሐኪም ቤት ርቀው በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች የሠለጠኑ ነርሶች የስኳር፥ የግፊትና የሚጥል በሽታ ሕመምተኞችን በቀጠሮ እየተቀበሉ መድኃኒት ሲሰጡ ቈይተዋል። ቀድሞ ቀን ሙሉ በእግር የሚመጣ ገበሬ አንድ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ይቀር ነበር፤ ጤና ጣቢያው ሲቀርበው ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መከታተል ቀለለው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውም ቤተ ሰብ ለቲኬት ገንዘብ ከማዋጣቱ በፊት፥ ሲመለስ ማን እንደሚከታተለው በሀርጌሳ ጠይቆ ቢያውቅ ይበጀዋል።

ባለፈው ጊዜ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ አይሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ያህል ዘገየ። ከአጠገባችን አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት እናቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ጅጅጋ ስላደገች አማርኛዋ የጠራ ነው። እናቷን በሰዓቱ አበላች፥ ኪኒናቸውን ቈጥራ ሰጠች፥ እግራቸውን በራሷ ሻንጣ ላይ አሳረፈች፤ እርሷ ራሷ ግን ከጧት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። መለኪያችን በቦርሳችን ስለ ነበረ እናትየዋን ለካናቸው፤ 138 በ84 ሆነ። ልጅቱም ደስ አላት። «እስቲ አንቺንም እንለካሽ» ብንላት፥ «ኧረ እኔ ደኅና ነኝ፥ አስታማሚ ነኝ እኮ» ብላ ሳቀች። እጇን ይዘን ለካናት። 186 በ112 ነበረ። ጥቂት አሳርፈን ብንደግመውም ያው ነው። መድኃኒት ታዞላት እንደ ሆነ ስንጠይቃት፥ አዎን አለች፤ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ትወስድ ነበር፤ ግን የእናቷን ዕቃ ስታዘጋጅ የራሷን በቤት ረስታ መጥታለች። እናትየው በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገሯት፤ ምን እንዳሏት ባንሰማም ልጅቱ ራሷን ደፋች። ደረቷን ይወጋት፥ ዐይኗ ይጨልምባት፥ አንድ ወገኗ ይደነዝዛት እንደ ሆነ ጠየቅናት፤ ምንም አልነበረባትም። የመድኃኒቷን ስም በወረቀት ጽፈን ሰጠናት፤ አዲስ አበባ እንደ ደረሰች፥ ከእናቷ ቀጠሮ በፊት፥ ለራሷ ካርድ እንድታወጣ ነገርናት። ከዚያም ውሃና ሙዝ ገዝተን አመጣንላት፤ እናቷ እየተመለከቷት በላች።